ያልመለስኩት ተረት

ልጅ ሳለሁ፣ ቃሉ ሁሉ አፌ ውስጥ ተሰልፎ እያለ፣ አንድ ምሽት ለምን ዝም አልኩ? ይህን ጥያቄ ከቡሬ ወደ አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባም አሁን ወደማስተምርበት ወደ ፍኖተ ሰላም ይዤው ዞሬያለሁ። ለማንም ነግሬው አላውቅም። እዚህ ለመጻፍ የደፈርኩትም ወረቀት ፊት ስለሌለው ነው።

ያኔ እናቴ ቡሬ በሚገኝ አንድ ጤና ጣቢያ አንሶላና ጋውን ታጥብ ነበር። ከትምህርት ቤት ስለቀቅ በቀጥታ ወደዚያ እሄድና ሥራዋን እስክትጨርስ ድረስ ከበሩ አጠገብ ባለችው የዘበኛ ጎጆ ቁጭ ብዬ እጠብቃታለሁ። ዘበኛው አያ እንየው ይባላሉ፤ ካፖርታቸው ለቁመታቸው ያጠረ፣ ቀጭን ሽማግሌ ነበሩ። ጎጆዋ መሀል የባሕር ዛፍ ጉማጅ ይነዳል፤ ጭሱ ግቢው ከሚጸዳበት ከክሪዮሊን ሽታ ጋር ተቀላቅሎ ልብሳችን ላይ ያድራል። ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ፋኖስ መስተዋቱ ተሰንጥቆ በቁስል ፕላስተር ተለጥፎ ስለነበር፣ የአያ እንየው ፊት ግማሹ በብርሃን፣ ግማሹ በጥላ ሆኖ ነው እስከዛሬ የሚታየኝ።

አመሻሹ ላይ የአስታማሚዎች ልጆችና እኔ እሳቱን ከበን እንቀመጥና ተረት ያወሩልናል። ተረቱ ሲያልቅ ግን ምሽቱ አያልቅም። ከኩባ የመጣችው ዶክተር ኤሌና ሥራዋን ጨርሳ፣ መቀመጫ ዱካዋን በእጇ አንጠልጥላ ትመጣለች፤ አያ እንየውም ያንኑ ተረት እንደገና ከመጀመሪያው፣ አሁን በስፓኒሽ፣ ያወሩላታል። እኛ ልጆች ጅቡ መቼ እንደሚወድቅ፣ ጦጣዋ መቼ እንደምታታልል አስቀድመን ስለምናውቅ፣ የማናውቀውን ቋንቋ እንደሚታወቅ መንገድ እየተከተልን እንሄድበት ነበር።

ዶክተር ኤሌና መጀመሪያ የመጣች ሰሞን አስተርጓሚ ነበራት፤ ከጥቂት ወራት በኋላ እሱ ወደ ሌላ ቦታ ተዛወረ። ብቻዋን ስትቀር ማታ ማታ የአያ እንየውን እሳት መሞቅ ጀመረች። እሳቸው «እሳት» ይላሉ፣ እሷ በቋንቋዋ ትመልሳለች። ጅቡን ለማስረዳት ሽማግሌው በአራት እግራቸው እየሄዱ ያነክሱ ነበር። እንዲህ እንዲህ እያሉ እሷ የጎጃም አማርኛ፣ እሳቸው የኩባ ስፓኒሽ አፍ ፈቱ። ለአማርኛዋ «እርስዎ» የሚባል ነገር አልገባውም ነበርና አንድ ቀን አንድ ቄስ «አንተ፣ ምላስህን አውጣ» አለቻቸው። ቄሱ አወጡ፤ መልሰው ካስገቡ በኋላ፣ «እንዲህ ብሎ ያዘዘኝ ከእናቴ ወዲህ ማንም የለ» ብለው እስኪያስላቸው ሳቁ።

ተረት ሲያልቅ «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» እንደሚባል የአገራችን ሰው ሁሉ ያውቃል፤ የሚመልስም የሚያብስም ግን የለም። ዶክተሯ የቃሉን ትርጉም ስትረዳ በማግስቱ ከጋውኗ ኪስ እውነተኛ ዳቦ አውጥታ ለአያ እንየው ሰጠቻቸው። ሽማግሌው ዳቦውን እያገላበጡ አዩት፤ አልኮል አልኮል ይሸታል።

«እድሜዬን ሙሉ ይህን ዳቦ ስለምን ኖሬ የሰጠችኝ እሷ ብቻ» አሉን። «በሉ እንግዲህ፣ የዳቦው ነገር እውነት ከሆነ የመመለሱም እውነት ይሁን።»

ከዚያ ወዲህ በየምሽቱ አንድ ልጅ እየጠሩ የትናንቱን ተረት ያስመልሱ ጀመር፤ የመለሰ ቁራሽ ዳቦ ያገኛል። የእኔ ተራ ሲደርስ አንገቴን እደፋና የነጠላዬን ጫፍ እነክሳለሁ። እናቴ ሴት ልጅ ስትናገር ጥርሷ አይታይም ብላ ነበር ያሳደገችኝ። አያ እንየው አያስገድዱኝም፤ «የአንችን ኋላ እቀበላለሁ፤ አልቸኩልም» ብለው ወደሚቀጥለው ያልፋሉ።

አንድ ቀን አንዷ ነርስ «አያ፣ ይህን የፈረንጅ አፍ እንዲህ እንደ ውሃ ያስጠጣዎ ማን ነው?» ብላ ጠየቀቻቸው።

«ሳቅ» አሉ።

ነርሷ የቀለዱባት መሰላት።

«እኔኮ አገው ነኝ፤ ቤታችን በአገውኛ ነው የሚወራ። አማርኛ የጀመርኩ ባሥር ዓመቴ፣ እዚህ ቡሬ ገበያ ነው። አፌን በከፈትኩ ቁጥር ተሳቀብኝ። የሳቁበትን ቃል ዳግም አልስተው፤ ያልሳቁበት ነው የጠፋኝ። እንግዲህ አሁን ደግሞ እሷ ትስቅብኛለች፣ እኔም እስቅባታለሁ። ሌላ ምን አለው?»

ያኔ መሠረተ ትምህርት በየቀበሌው ይሰጥ ስለነበር እሳቸውም «ማይም» ተብለው ተመዝግበው ፊደል ይቆጥሩ ነበር። «እኔ በሦስት ቋንቋ ማይም ነኝ» ይላሉ እየኮሩ።

ከተረቶቻቸው ሁሉ እኔም ዶክተሯም የምንወደው የወፏን ነበር። አንዲት ወፍ በዘመረች ቁጥር ጭልፊት ሰምቶ ጎጆዋን እያገኘባት ተቸገረች። ስለዚህ ድምጿን ለፈጣም ወንዝ አደራ ሰጠች። ከዚያ ወዲህ ጭልፊቱ አላገኛትም፤ በሰላም ኖረች። አንድ ቀን ጫጩቷ ጫካ ውስጥ ጠፋ። ልትጠራው አፏን ብትከፍት ባዶ ሆነባት። በርራ ሄዳ ወንዙን በክንፏ መታ መታ አደረገችው። ወንዙም «አደራሽን የተቀበለው ውሃ እኮ ሄዷል፤ እኔ ዛሬ የመጣሁ ነኝ» አላት። ወፏ ውሃውን ተከትላ ቁልቁል ወደ ዓባይ በረረች። እኛ «ድምጿን አገኘችው?» ስንል አያ እንየው እሳቱን ይቆሰቁሱና «እሱን የሚመልስልኝ ይንገረኝ» ይላሉ።

ያን ተረት በስፓኒሽ ከጫፍ እስከ ጫፍ አውቀው ነበር። ማንም አላስተማረኝም። እናቴ አንሶላዎቹን ጨምቃ ስታሰጣ እኔ በተሰጡት መሀል ገብቼ፣ በነጭ ጨርቅ ተጋርጄ፣ በሹክሹክታ እተርካለሁ። አንሶላዎቹ በነፋሱ ይወዛወዛሉ። አንሶላ አይስቅም።

ከፋሲካ በኋላ ዶክተር ኤሌና ልትሄድ ሆነ። በመጨረሻው ምሽት ዱካዋን፣ ዳቦዋንና አንዲት ትንሽ ቴፕ ይዛ መጣች። አገሯ የእኔ እኩያ ልጅ ነበረቻት፤ ተረቶቹን በደብዳቤ ትጽፍላት ስለነበር ልጅቷ የወፏን ተረት በተራኪው በራሱ ድምፅ ካልሰማሁ ብላ ነበር። አያ እንየው ግን በዚያ ሳምንት ደረታቸውን ታመው፣ ራሷ ዶክተሯ እያከመቻቸው፣ ድምፃቸው ፈጽሞ ተዘግቷል። ቴፑን አዩ፤ ከዚያ እኔን አዩ። በዚያ በሚሰነጠቅ ሹክሹክታ ለዶክተሯ በስፓኒሽ እንዲህ አሏት፣ እኔም አንድ ቃል ሳያመልጠኝ ሰማሁ፦ ይቺ ልጅ ትመልስልሻለች፤ ከአንሶላዎቹ መሀል ሰምቻታለሁ።

ልጆቹ ሁሉ ወደ እኔ ዞሩ። «እሷ? በፈረንጅ አፍ?» አለ አንዱ፣ ገና ሳልጀምር እየሳቀ።

ዶክተሯ ቁልፉን ተጫነች። ካሴቱ ላይ ከዚያ በፊት የገበያውን ጫጫታና የቤተ ክርስቲያኑን ደወል ቀድታበት ስለነበር ብዙ አልቀረውም። በትንሿ መስኮት አንዱ ጥቅል እየሳሳ ሌላው እየወፈረ ሲዞር አያለሁ። የመጀመሪያው ቃል ምላሴ ላይ ነበር፤ ሁለተኛው ከኋላው ቆሞ ይገፋዋል። እሳቱ ተንጣጣ፤ አያ እንየው ሳሉ፤ ከግቢው ውጭ ውሻ ጮኸ። የነጠላዬን ጫፍ ነከስኩ። ካሴቱ ቀጭ ብሎ ቆመ።

ማንም አልተቆጣኝም፤ ቢቆጡኝ ይሻል ነበር። ዶክተሯ ዳቦውን ከጉልበቷ ላይ አንስታ በሁለት እጄ አስያዘችኝ።

«አንች ብይው» አለችኝ በዚያ በጎጃም አማርኛዋ። «ተረቱን ኋላ ትመልሽዋለሽ።»

ከአንድ የመድኃኒት ካርቶን ላይ ቁራጭ ቀድዳ አድራሻዋን ጽፋ ሰጠችኝ። አያ እንየው ሊሸኙኝ እስከ በሩ መጡና «አይዞሽ፣ ውሃው ገና ሩቅ አልሄደም» አሉኝ። ዳቦውን እቤት በላሁት። ጠዋት አውቶቡሱ ሄደ።

ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ የመጽሐፍ ዘመን ነው። ዩኒቨርሲቲ ስገባ ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ አንድ የስፓኒሽ ሰዋስው መጽሐፍ አገኘሁና እስኪያረጅ ድረስ አነበብኩት። ቃላቱ አያ እንየው አፍ ላይ ከማውቃቸው ይልቅ ሙሉ፣ ለበዓል የለበሱ ይመስሉ ነበር፤ እኔ የማውቃቸው የሥራ ቀን ልብሳቸውን ነው። በሁለተኛው ዓመቴ እናቴ በሰው አስጽፋ በላከችልኝ ደብዳቤ አያ እንየው ማረፋቸውን ነገረችኝ። ተረትሽን ሲጠብቁ ሞቱ አላለችም፤ እንደዚያ አድርጌ ያነበብኩት እኔ ነኝ።

ያኔ ኩባ ተምረው የተመለሱ ልጆች ከግቢው ሻይ ቤት ተሰብስበው በስፓኒሽ ይጫወቱ ነበር። እኔ ከአጠገባቸው ካለው ጠረጴዛ መጽሐፌን ዘርግቼ ተቀምጬ፣ ሳቃቸውን እየሰማሁ፣ ያችን የዘበኛ ጎጆ እናፍቃለሁ። አንድ ቀን አንደኛው፣ እንደማልሰማው ተማምኖ፣ «ያቺ ልጅ ስትናገር ሰምተሃት ታውቃለህ?» አለ። ሌላው «ዲዳ ሳትሆን አትቀርም» ብሎ መለሰለት። መልሱ በዚያው በቋንቋቸው፣ በአያ እንየው ድምፅ መጣልኝ፦ ዲዳ አይደለሁም፤ ድምፄን ወንዝ ዘንድ ትቼው ነው። መጽሐፌን አጥፌ ወጣሁ።

ባለፈው ወር ከአንዱ የሥራ ባልደረባዬ ቴፕ ተዋስኩ። የተከራየሁትን ክፍል በር ቆልፌ፣ መስኮቱን በብርድ ልብስ ሸፍኜ፣ የወፏን ተረት በስፓኒሽ ቀዳሁት። አንድም ስህተት አልነበረበትም። መልሼ ሳዳምጠው ግን የቀበሌ ማስታወቂያ የሚነበብ ነበር የሚመስለው። እሳት የለበትም፣ ሳል የለበትም፣ «አገኘችው?» የሚል የለበትም። ከአንሶላዎቹ መሀል ገና እንዳልወጣሁ ያኔ ገባኝ። አጠፋሁት።

የካርቶኑ ቁራጭ ጠርዙ ተበልቷል እንጂ አድራሻው ይነበባል። ዶክተር ኤሌና እዚያው ትኑር አትኑር አላውቅም፤ ልጇም እንደኔ ትልቅ ሴት ሆናለች፣ ተረቱን መጠበቅ ከተወች ቆይታለች። ቢሆንም ዳቦውን በልቻለሁ።

ስለዚህ ወስኛለሁ። የፊታችን ቅዳሜ ቴፑን ይዤ ቡሬ እሄዳለሁ። ከዳቦ ቤቱ ዳቦ እገዛለሁ። የዘበኛው ጎጆ አሁንም አለች፤ አዲሱን ዘበኛ አስፈቅጄ የአስታማሚዎቹን ልጆች እሳቱ ዙሪያ እሰበስባለሁ። ተረቱን መጀመሪያ በአማርኛ፣ ቀጥሎ ቁልፉን ተጭኜ በስፓኒሽ አወራላቸዋለሁ፤ ካሴቱንም በካርቶኑ አድራሻ እልከዋለሁ። ወፏ ድምጿን አገኘችው ወይ ብለው ሲጠይቁኝ ምን እንደምል ገና አላውቅም። እንደሚስቁብኝ ግን አውቃለሁ።

ይሳቁ። ቴፑን አላጠፋውም።