የይግዛው ፈረስ

ጎረቤቴ ይግዛው ጣሊያን አገር ልጁ ዘንድ ሄዶ፣ ኮረብታ ላይ በተቆረቆረች ትንሽ ከተማ መኖር ከጀመረ መንፈቅ አለፈው። ሲደውል በስልኩ ያሳየኛል፤ አደባባዩ ላይ ተቀምጦ ፀሐይ ይሞቃል።

«እዚህ የሚቸኩል የለም፤ ሽማግሌው ሁሉ እንዲህ ተቀምጦ ነው የሚውል» ይለኛል።

እኔ ደግሞ እዚህ በእንጅባራ ብርድ ለእሱ ፈረስ ሣር አጭዳለሁ፣ ውኃ አጠጣለሁ! በቅናት አረርኩ፤ ምን እደብቃለሁ?

የጊዮርጊስ ዕለት ለፈረሰኞች በዓል ፈረሱን አስጊጬ ወጣሁ። «እሱ እዚያው ይጎለት፤ ዛሬ ሰው የሚያየው እኔን ነው» አልኩ።

ሜዳው ጋ ስንደርስ ሌላው ፈረሰኛ ሽምጥ ጋለበ። የእኔው ግን ጌታው እንዳስለመደው ሜዳው ዳር የተቀመጡት ሽማግሌዎች ፊት ሄዶ ቀጥ አለ። ይግዛው ሁልጊዜ እነሱን አንድ በአንድ ሰላም ሳይል አይጋልብም ነበር። በተረከዜ ብወጋውም ንቅንቅ አልል አለ።

ሽማግሌዎቹ ፈረሱን ሲያዩ ፊታቸው በራ።

«ይግዛው መጣ እንዴ?»

«እኔ ነኝ፤ ሽባባው ነኝ» አልኩ።

«አየንህ እኮ» አሉኝ። «ይግዛውስ መቼ ነው የሚመጣው?»