ሞተሩን አጥፋልኝ

የአባቴ ታላቅ ወንድም ጋሼ ዕድሜያቸውን ሙሉ እዚሁ አቃቂ፣ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ ማሽን ሲጠግኑ ኖረው ጡረታ ሲወጡ ጆሯቸው ደክሞ ነበር። በጋ በገባ ቁጥር ከባለቤታቸው ከእትዬ ጋር ወደ ዝዋይና ሐዋሳ ወርደው በሞተር ጀልባ ይንሸራሸሩ ነበር።

አንድ ዓመት አብሬያቸው ሄድኩ። ሐይቁ መሀል ስንደርስ ጋሼ ጀልባ ነጂውን፣ «ሞተሩን አጥፋልኝ፤ ይህችን ሴትዮ ልስማት» አሉት። እትዬ ስለ እድሩ፣ ስለ ጎረቤቱ፣ ስለ ልጅነታቸው ያለማቋረጥ አወሩ። ጋሼም አንዲት ቃል ሳታመልጣቸው እየሳቁ አዳመጡ።

ዘንድሮም እንድወስዳቸው ጠየቁኝ።

«ሥራ በዛብኝ ጋሼ፤ ከጥምቀት በኋላ ይሁን» አልኳቸው።

«ይሁን ልጄ፤ ውሃው የትም አይሄድ።»

ጥምቀት ሳይደርስ አረፉ።

ከአርባቸው በኋላ እትዬን ልጠይቅ ገላን ኮንዶሚኒየም ሄድኩ። ሶፋው ላይ የጋሼ ቦታ ባዶውን ነበር። ጸጸቱ አላስቀምጥ ቢለኝ፣ «እትዬ፣ ሐይቁ ጋ ልውሰድዎት?» አልኳቸው።

እትዬ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«እኔ ውሃ እፈራለሁ ልጄ። ጀልባው ላይ እንደዚያ የማወራው ፍርሃቴን ልርሳው ብዬ ነበር። ጋሼህ ደስ ስለሚላቸው አንድም ቀን አልነገርኳቸው።»