ባለ ሁለት በሩ ትምህርት ቤት

አጎቴ ግንበኛ ነው። ሰው ሁሉ የሚጠራው «ጋሽ ቀስ በቀስ» እያለ ነው፤ እሱ አንድ ድንጋይ አንስቶ እስኪያስቀምጥ ሌላው ምሳውን በልቶ ይመለሳል ብለው ያወጡለት ስም ነው። አይቀየምም። «ቤት የሚፈርሰው በቸኮለ ሰው ላይ ነው» ይላል ድንጋዩን እያገላበጠ። እኔ የእህቱ ልጅ ነኝ። አጥር ለአጥር ስንኖር ጮኾ ሲናገር የሰማሁት ልጁ የሞተ ዕለት ብቻ ነው።

ልጁ የሞተው ምንጭ ላይ ነው። እኛ የላይኛው ሰፈር ሰዎችና የታችኞቹ የምንቀዳው ከአንድ ምንጭ ነው፤ በበጋ ውሃው ሲሳሳ እንጋደላለን። በአጭሩ ሲነገር ያሳፍራል፤ አስረዝሜ ባወራውም ያው ነው። አጎቴን ደምህን መልስ ብለው የመከሩት ብዙ ነበሩ። እሱ ግን ልጁ ትቷት የሄደውን ሕፃን ታቅፎ ዝም አላቸው። ከዚያ ወዲህ የቀረው ምኞት አንድ ነበር፤ ይህቺ የልጅ ልጁ የአባቷን ጠላት ሳትወርስ እንድታድግለት።

ሕፃኗ ለትምህርት ስትደርስ አንድ ድርጅት ከከተማ መጥቶ ለሁለቱ ሰፈር አንድ ትምህርት ቤት ልሥራ፣ አብረው ፊደል የቆጠሩ ልጆች አይገዳደሉም ሲል፣ መዶሻውን ይዞ ከሁሉ ቀድሞ የሄደው እሱ ነው። ቦታው በሰፈሮቹ መካከል ያለው ጠባብ ሜዳ ሆነ። ግድግዳው ወገብ ሲደርስ በሩ ወዴት ይዙር የሚል ጠብ ተነሳ። ወደ ታች ቢዞር ለእኛ ጀርባውን ሰጠ፤ ወደ ላይ ቢዞር ለእነሱ። በአንደኛው ጎን ገደል፣ በሌላው የጎርፍ መውረጃ ስላለ ወደዚያ ማዞርም አልተቻለም። ይህን የሚያህል ሽማግሌ ተሰብስቦ ስለ በር ሲነታረክ ሰነበተ።

የገላገላቸው አጎቴ ነው። ሁለት በር ላውጣለት፣ ለእናንተም ለእነሱም ፊቱን ይስጥ አለ። ሁሉም መረቁት። የድርጅቱ ሰውዬማ አቅፎት ፎቶ ተነሳ። እኔም ያን ቀን ከብልህ ዘር በመወለዴ ደረቴን ነፍቼ ዋልኩ።

ትምህርት ሲጀመር የላይኞቹ ልጆች በላይኛው በር፣ የታችኞቹ በታችኛው ገቡ። ሁሉም በገባበት በር አጠገብ ተቀመጠ፤ መሀሉ ባዶ ቀረ። አጎቴ በመስኮት አይቶ ሲመለስ ፊቱ ጠቁሮ ነበር። አንድ በር ቢሆን ኖሮ እየተጋፉም ቢሆን አብረው ይገቡ ነበር፣ አለኝ። እውነቱን ነበር።

መምህርቷ ግን ቆፍጣና ነበረች። ልጆቹን አንድ ከላይ አንድ ከታች እያደረገች በየወንበሩ ቀላቀለቻቸው፤ መጽሐፍም ለሁለት አንድ ሰጠቻቸው። ለአጎቴ የልጅ ልጅ የደረሰቻት አንዲት የታችኛው ሰፈር ለፍላፊ ናት። ከዚያ በኋላ ወሬዋ ሁሉ እሷ ሆነች፤ እንዲህ አለችኝ፣ እንዲህ አደረገች። አጎቴ የማያውቃትን ልጅ ቀልድ እየሰማ ሲስቅ ከአጥሩ ወዲህ ይሰማኝ ነበር። ተስፋ ማድረግ የጀመርኩት እኔም ያን ሰሞን ነው፤ ባልጀምር ይሻለኝ ነበር።

በጋው ገባ። ምንጩ ላይ በወረፋ ሲጣሉ የእኛ ሰዎች የለፍላፊዋን አባት ገደሉት። ትምህርት ቤቱ ተዘጋ። ሽማግሌዎቹ ብዙ ለፍተው ያመጡት እርቅ ቢኖር፣ ክፍሉ መሀል ለመሀል በግድግዳ ይከፈል፣ ሁሉም በየበሩ ይግባ የሚል ነው። በሩ እንደሆነ ቀድሞ ተሠርቶላቸዋል! የድርጅቱ ሰውዬ ለጊዜው ነው፣ ከምንም ግማሽ ይሻላል አለ። እኛ ዘንድ ለጊዜው የተሠራ ነገር የልጅ ልጅ ይደርስበታል። መምህርቷ ለዚህ አልመጣሁም ብላ ሻንጣዋን ይዛ ሄደች።

ግድግዳውን ገንባ ሲሉት አጎቴ «እጄ ይቆረጥ» አለ። ሌሎች ጥድፍ ጥድፍ አድርገው አቆሙት፤ ትምህርት ቤቱም ተከፈተ። ግድግዳው ሳይውል ሳያድር ሆዱን ነፍቶ ወደ ልጆቹ አዘነበለ። አጎቴ ሄዶ አየው፤ ተመልሶም እህል አልቀምስ አለ። ይፍረስ ብሎ እንዳይተወው ልጆቹ ሥሩ ይቀመጣሉ። በማግስቱ ራሱ አፍርሶ እንደገና ይገነባው ጀመር።

ለእኔ ብቻ የነገረኝ ሐሳብ ነበረው። ግድግዳውን የልጅ አንገት ላይ ሊያቆመው ነው። ሲቀመጡ ይጋርዳቸዋል፤ ብድግ ሲሉ ግን ይተያያሉ። ማንም ቢጠይቀው ድንጋይ አለቀ ሊል ተዘጋጅቷል። እዚያው ልክ አደረሰና መሣሪያውን መሰብሰብ ጀመረ። እኔ ውሃ ይዤለት ሄጄ በሩ ላይ ቆሜ ነበር።

የልጅ ልጁ ገባች። ከግድግዳው በላይ በወዲያኛው በር የገባችውን ለፍላፊ አየችና ቶሎ ዝቅ አለች።

«አባባ፣ አልጨረስከውም እኮ። ትታየኛለች።»

«ብትታይሽስ? ጓደኛሽ አይደለችም?»

«አባቴን የገደሉት እነሱ ናቸው» አለች፤ ድምፅዋ ላይ ቁጣም አልነበረም። እሱ እንደሆነ ነግሯት አያውቅም።

ማን ነገረሽ ብሎ አልጠየቃትም። ምን ብሎ ይጠይቅ፤ ሰፈሩ ሁሉ አፍ አለው። ጎንበስ አለና ድንጋይ አነሳ። እሷ ጭቃ እያቀበለችው ግድግዳውን እስከ ጣሪያው አደረሰው።