የአባቴ ፒር ለሰው አፍ የበቃ ዕለት

ጋምቤላ ነበርኩ። የረፋዱን ዱሃ ሰግጄ ገና ከመስገጃዬ ሳልነሳ ታናሽ እህቴ የድምፅ መልእክት ላከችልኝ። ስከፍተው መጀመሪያ የሰማሁት ሳቅና ማኘክ ብቻ ነው። ከዚያ ጩኸት፦ "እቴ! ወላሂ በላነው! ፒሩን በላነው! አፍ ውስጥ ቅልጥ ይላል፣ ቀሚሴን አበላሸው!"

መስገጃው ላይ ቆሜ ዘለልኩ። ደንግጬ አስተግፊሩላህ አልኩ፤ ከዚያ እንደገና ዘለልኩ። ባለቤቴ ከግቢ፣ "ምንድነው? ማን ወለደ?" ቢለኝ፣ "ፒሩ!" አልኩት። አበደች ሳይል አይቀርም።

ደሴ ግቢያችን ያለውን ፒር አባቴ ነው ከቦሩ ሜዳ ችግኙን አምጥቶ የተከለው። ፒር ላላየ ሰው፣ አንገቱ ቀጠን፣ ሆዱ ሰፋ ያለ፣ ትንሽ ቅል የሚመስል ፍሬ ነው። የኛ ዛፍ በየክረምቱ ያፈራል፤ የሚያፈራው ግን ድንጋይ ነው። አባቴ አንዲት ለስላሳ ፍሬ ሳይቀምስ ሞተ፤ አላህ ይዘንለት።

በቤታችን ደግሞ ያልበሰለ ፍሬ መልቀም ኢስራፍ ነው፣ ማባከን ነው ተብሎ አይነካም። ስለዚህ ዛፉ ላይ እስኪበስል እንጠብቃለን። ፒር ዛፍ ላይ ሲጠብቁት ከውጭ እንደ ደነደነ ከውስጥ እንደሚበሰብስ ማን ነግሮን! እንጠብቃለን፣ እንጠብቃለን፣ በመጨረሻ በቢላ ስንሰነጥቀው ውስጡ ጠቁሯል።

እናቴን የሚያንገበግባት ሆዷ አልነበረም። ሰው ከተከለው ዛፍ ሌላው ሲበላ ለተካዩ ሰደቃ ይጻፍለታል ብላ ታምናለች። "አባታችሁ በዚህ ዛፍ አንዲት ሰደቃ እንኳ ሳትጻፍለት ሊቀር ነው?" ትላለች። ወንድሜ ደግሞ ቦታው ላይ የሚከራይ ክፍል መሥራት ይፈልጋል።

"እማ፣ ይሄ ዛፍ እኮ ከጥላ በቀር ምንም የለውም። ጥላ ለደሴ ምን ያደርጋል? በብርድ ላይ ብርድ!"

ዘንድሮ እሺ አለችው። ለአንድ ቅዳሜ ጠዋት እንጨት ቆራጭ ተቀጠረ።

ከዚያ በፊት በረዶ ጥሎ ነበር። ዛፉ ላይ የነበረውን ፍሬ ድንጋይ እንደሆነ አረገፈው። መጣሉ ኢስራፍ ነውና እናቴ ለቅማ ቀዝቃዛው ጓዳ ውስጥ አስቀመጠችው። ኮምቦልቻ የምትኖረው ይህችው ታናሽ እህቴ ልትጠይቃት ስትመጣ፣ "ለበግሽ ስጪው" ብላ አሸከመቻት። በጉ አሽትቶ ፊቱን አዞረ። እህቴም መጣል ፈርታ፣ ሙዝ ልታበስል ጤፍ በርሜሏ ውስጥ ቀብራ ስለነበር፣ ፒሩንም እዚያው ቀበረችውና ረሳችው። የደሴ ብርድ ያሳረፈውን የኮምቦልቻ ሙቀት ጨረሰው።

ያን ቅዳሜ ጠዋት ለወፍጮ ጤፍ ልትሰፍር በርሜሉን ስትከፍት ሽታው ፊቷ ላይ መጣ። ፒሩ ቢጫ ሆኗል፣ በጣት ሲነኩት ይሰረጉዳል። ቆራጩን አስቁሙ ልትል ደሴ ደወለች፣ የሚያነሳ የለም። ሳፋውን ሞልታ፣ ጤፍ እንደነካካት ሮጣ ሚኒባስ ያዘች።

የሐረጎን ዳገት ሲወጡ መኪናው ታወደ።

"ልጄ፣ ምን ይዘሽ ነው?" አሉ አንዲት እናት።

"ፒር ነው እማማ።"

"ምንድነው ፒር?"

ማስረዳት ሲያቅታት አንዱን ሰጠቻቸው። ከኋላ አንድ ሽማግሌ፣ "ለኔስ? እኔ ከወንበሩ ጋር የተሰፋሁ ነኝ?" አሉ። አንዷ "ፍልሰታ ይዣለሁ" ብላ እጇን ሰበሰበች፤ ትንሽ ቆይታ፣ "ፍሬ አይደል እንዴ? ስጪኝማ!" አለች። ሹፌሩ ጥግ ይዞ ቆመ። "ሁላችሁ እየበላችሁ እኔ መሪ ልላስ?"

"ኧረ በአላህ ንዳ! ዛፉ ሊቆረጥ ነው!" ብላ ነገሩን ስትዘረዝርላቸው መኪናው ሙሉ ጮኸ፦ "ንዳው! ንዳው እንጂ!" ሹፌሩ ባንድ እጁ ፒሩን እየገመጠ ሊነዳ ሲል፣ እኚያ ሽማግሌ "መጀመሪያ ዋጥ!" ብለው ገሰጹት።

ስትደርስ ቆራጩ መጥረቢያውን ስሎ ጨርሷል፤ ወንድሜ ገመድ ይዟል። "ቢስሚላህ በሉና ብሉ!" ብላ ሳፋውን መሀላቸው አስቀመጠች። እናቴ አንዴ ገምጣ መሬት ላይ ቁጭ አለች። ቆራጩ ጢሙን እየጠረገ፣ "ይሄን ቆርጬ ብገባ ሚስቴ በር አትከፍትልኝም" አለ። ወንድሜ በላ፣ ደገመ፣ ከዚያ ግቢውን ዞር ዞር ብሎ አየና፣ "ክፍሉ በሽንት ቤቱ በኩል ቢሆንስ?" አለ።

እህቴ ሳፋው መጉደሉ አሳፍሯት፣ "እማ፣ አብዛኛውን መንገደኛ ጨረሰው" ብትላት እናቴ ተቆጣች። "ምን ጨረሰው ትያለሽ! መንገደኛ የበላው እኮ ነው ዋናው!"

እኔ እስካሁን ጣዕሙን አላውቅም፤ የሚቆጨኝም እሱ አይደለም። በዚያ ሚኒባስ ሐረጎን የወጣችሁ እናቶች፣ አባቶች፣ ሹፌሩም ጭምር፣ ስማችሁን አናውቅም። ከበላችሁ አንድ ነገር ብቻ እለምናችኋለሁ፦ ያን ዛፍ የተከለውን ሰው "አላህ ይዘንለት" በሉልኝ። ፍልሰታ ይዘሽ የነበርሽውም እህቴ፣ በምታውቂው "ነፍስ ይማር" በይልኝ።