ፈንጣጣ የለቀቀው ጸናጽል

ምሥራች! «ምሥር ብላ» በሉኝ እንጂ! ጸናጽሎቹ ጠሩ! አንዲት ጠባሳ፣ የመርፌ ቀዳዳ የምታህል ነጥብ እንኳ የለባቸውም፤ ፊት ያሳያሉ። የማን ምሥራች ነው ትሉኝ እንደሆነ፣ የኡሙልኸይር ነው፤ እዚሁ መካነ ሰላም፣ ከመናኸሪያው ጀርባ ብረትና ናስ በኒኬል የምትለብጠው የኡሙልኸይር። ታዲያ ደስታው እንዲህ በቀላሉ አልመጣም። አስቀድሞ የገባው ጥርጣሬ ነው፤ ደስታው ያንን ተከትሎ የገባ እንግዳ ነው።

ኡሙልኸይር ሙያውን ኮምቦልቻ ተምራ የመጣች ሴት ናት። አረንጓዴ ፈሳሽ የሞላ ገንዳ አላት። ዕቃውን በሽቦ አንጠልጥላ ታጠልቅና ኤሌክትሪክ ስትለቅበት፣ ኒኬሉ ከፈሳሹ እየወጣ ዕቃው ላይ ይለበጣል። ክፋቱ፣ ዕቃው ላይ ደቃቅ አረፋም ይነሳል። ፈሳሽ ሁሉ ደግሞ ላዩ ላይ ቆዳ ቢጤ አለው፤ ያ ቆዳ ጠንካራ የሆነ እንደሆነ አረፋው ተንሸራቶ አይሄድም፣ እንደ መዥገር ይጣበቃል። አረፋ በተጣበቀበት ኒኬል አያርፍም፤ ጉድጓድ ይቀራል። ቆዳውን የሚያለሰልስ መድኃኒት ከአዲስ አበባ ይመጣላት ነበር። መንገዱ ሲቆራረጥ እሱም ቀረ።

ደብሩ የጠቆሩ ጸናጽሎቹን እንድታነጣለት የሰጣት በዚህ ጊዜ ነው። የመጀመሪያዎቹ ጉድጓድ በጉድጓድ ሆነው ወጡ። የከላላው በቅሎ ነጋዴ አምባቸው በሩ ላይ ቆሞ አያቸውና፣

«እንዴ ኡሙ! ጸናጽልም ፈንጣጣ ይይዘዋል? ምነው ሳታስከትቢው?» አላት።

ከዚያ ወዲያ ከላላ ገበያ ላይ ፈንጣጣ የያዘውን ጸናጽል ያላወራ አልነበረም። የደብሩ ሽማግሌዎችም ቁርጡን ነገሯት፤ የቀሩት እንዲሁ ከሆኑ ሥራው ወደ ደሴ ይሄዳል። ያ ከሆነ ገንዳዋን ማን ሊያምን? ቤቱን ዘግቶ ወደ ኮምቦልቻ መመለስ ነው።

በዚህ ጭንቅ መሐል አንዱ ጸናጽል ጠርቶ ወጣ። ደስ ሊላት ሲገባ ደነገጠች። ምንም አልለወጠችማ! ቀጭኗን የመስታወት ቱቦ አነሳች። መለኪያዋ ይህቺ ናት፤ ከገንዳው ትቀዳባትና ጠብ ጠብ ታደርጋለች። የፈሳሹ ቆዳ ጠንካራ ሲሆን ጠብታው ቱቦው ጫፍ ላይ ተንጠልጥሎ ይወፍርና በስንት ልመና ይወድቃል። ሲለሰልስ ግን ገና ሳይወፍር ስለሚወድቅ፣ ከዚያችው ቱቦ ብዙ ጠብታ ይወጣል። ያን ቀን ጠብታዎቹ ቀጥነው እየተሽቀዳደሙ ወረዱ።

«የሰው እጅ ገብቶበታል» አለች በልቧ። «ዛሬ ያቃና እጅ ነገ ያጣምማል።»

የማን እጅ? ገንዳው አጠገብ ከእሷ ሌላ የሚውሉት ጋሼ ፈንታው ብቻ ናቸው። አንጥረኛ ናቸው፤ ቤቱን አብረው ነው የተከራዩት። እሳቸው ጠግነውና ወልውለው ይሰጧታል፣ እሷ ትለብጣለች። ግን ገንዳው የገባ ቀን «ብር በእሳት እንጂ በኩሬ አይነጣም» ያሉት ከልቧ አልወጣም። ኩሬው ከተዋረደ መዶሻቸው አይደል የሚከብረው? በዚያ ላይ «እኔ ያልለካሁት ነገር ገንዳዬ ውስጥ አይግባ» ካለቻቸው ወዲህ ዓይናቸው ይሸሻታል።

«ዛሬስ ጠብታሽ ምን አለችሽ?» አሏት።

«ሌባ አለ አለችኝ።»

«አብሽሪ! ያንቺን ኩሬ ማን ይሰርቀዋል? ከብት እንኳ አይጠጣው።»

«የሚወስድ ሳይሆን የሚጨምር ሌባ ነው፣ ጋሼ።»

ጉሮሯቸውን ጠረጉና ወደ መዶሻቸው ዞሩ። የእጅጌያቸው ጫፍ ረጥቦ አረፋ ቢጤ ይዟል። ወላሂ፣ ዓይኗን አልነቀለችም።

የገንዳውን ክዳን በክር አሰረችው። ገበያ ደርሳ ስትመለስ ክሩ እንደታሰረ ነው፤ ቋጠሮው ግን የእሷ አይደለም። ፈትቶ መልሶ የሚቋጥር ሰው፣ ሥራውን አውቆ የሚሠራ ሰው ነው!

በማግስቱ «ዙህር ልስገድ» ብላ ወጣችና በጓሮ ዞራ በቆርቆሮው ስንጥቅ አጮለቀች። ፈንታው ጸናጽሉን ከጣሳ ውስጥ በሁለት እጃቸው አወጡት፤ ግራ ቀኝ አዩ፤ ጣሳውን ገንዳው ውስጥ ገለበጡት።

«ያዝኩዎት!» ብላ ገባች። ጣሳው ከእጃቸው አምልጦ ተንከባለለ። «ምን በደልኩዎት ጋሼ? ከዚህ ቤት እንድወጣልዎት ነው?»

«በስመ አብ! እጣቢ ነው ልጄ!»

«የምን እጣቢ?»

«የእንዶድ። ጉድጓዱ ስወለውል ከምቀባው ሰም የመጣ መስሎኝ፣ ይልቀቅ ብዬ። የማኅሌት ዕቃ ደግሞ በኦሞ አይታጠብም፤ የቀሳውስቱም ልብስ የሚታጠበው በእንዶድ ነው።»

«እሺ ይታጠብ! ገንዳዬ ውስጥ ለምን ይደፋል?»

«ታዲያ የት ልድፋው? የቤተ ክርስቲያን ዕቃ የታጠበበት ውኃ እግር በሚረግጠው ቦታ ይደፋል? ደጁ መናኸሪያ፣ ጓሮው መተላለፊያ! እግር የማይደርስበት ያንቺ ኩሬ ብቻ ነው።»

ልትቆጣ ስትል ሳቋ ቀደማት። «ለምን አልነገሩኝም?»

«ያልለካሁት አይግባ አልሽ። እጣቢ እንዴት ይለካል?»

«ይለካል እንጂ!»

ሳቋ ግን ጥርጣሬዋን አላስጣላትም። የፈሳሹን ቆዳ ያለሰለሰው እንዶዱ ከሆነ፣ እሱም የራሱን ፈተና ይፈተን! አጣርታ ለብቻው በጠርሙስ ከገንዳው ፈሳሽ ጋር ቀላቀለች፤ በዛና አረፋው ገነፈለ። ቀንሳ ደገመች። ጠብታዋ ልክ በመድኃኒቱ ዘመን እንደነበረችው ስትሆን፣ ያንኑ ልክ ለገንዳው ሰጠች። የቀሩትን ጸናጽሎች ስታጠልቅ አረፋው እየተንሸራተተ ሲወጣ ይታይ ነበር።

ሽማግሌዎቹ መጡ። መሪጌታ አምላኩ አንዱን አንስተው በጥፍራቸው ፈተሹት፣ ወደ ብርሃን አዙረው አዩት፣ በመጨረሻ ጽል ጽል አደረጉት።

«ፈንጣጣ የተባለው ይኸ ነው? የታመሙትንም መልሺና አድኛቸው፤ ደሴ ምን ልናደርግ እንሄዳለን?»

«አልሐምዱሊላህ!» አሉ፤ ኡሙልኸይር እንዳትመስላችሁ፣ ጋሼ ፈንታው ናቸው!

አሁን እጣቢው ከደብሩ ወይራ ሥር ይደፋል፤ ተሸክመው የሚሄዱት እሳቸው ናቸው። ክሩ ግን ክዳኑ ላይ እንደታሰረ ነው። «ጋሼን አምናቸዋለሁ፣ ገንዳውን ግን አላምነውም» ትላለች።

ይኸው፣ አምባቸው በቅሎዎቹን እየነዳ ወደ ከላላ ሊወጣ ነው። ፈንጣጣውን ያዛመተ አፍ ሽረቱን ሳይሰማ አይሄድም! አንተ አምባቸው! ቁም እንጂ፣ ምሥራች!