ሃምሳ አለቃ ፍሬ የደፋችው ውሃ

ሃምሳ አለቃ ፍሬ ነርስ አይደለችም። ይህንን ለማስረዳት ብቻ ያወጣችው ትንፋሽ ቢጠራቀም የመኪና ጎማ ይነፋ ነበር። በጦሩ ውስጥ የመከላከል ጤና ቴክኒሺያን ነበረች። ወታደሩ የሚጠጣውን ውሃ ትመረምራለች፣ ሽንት ቤት ታስቆፍራለች፣ ወጥ ቤቱን ትፈትሻለች፣ አጎበር ተዘርግቶ እንደሆነ አልጋ ለአልጋ ትዞራለች። ጡረታ ወጥታ ዲላ፣ እኛ ሰፈር ከገባች ጀምሮ ግን አገሩ ሁሉ «ሲስተር» ይላታል። ልጇ ያተኮሰባትም፣ ወገቡን የያዘውም እሷ በር ላይ ነው።

«መርፌ አልወጋም!» ትላለች በሩን ገርበብ አድርጋ።

«እሺ ሲስተር፤ ክኒኑንስ?»

እኔ ግድግዳ የምጋራት ጎረቤቷ ስለሆንኩ በሩ በስንት ኃይል እንደሚዘጋ አውቃለሁ።

ባለፈው ኅዳር የሰፈራችን የቀድሞ ወታደሮች ዕድር በጤና ሙያ ጦሩን ያገለገሉ ይመስገኑ ብሎ ወሰነ። መወሰኑስ ደግ ነበር። የዕድሩ ሰብሳቢ አቶ ልዑልሰገድ ታሪኳን ሊጠይቃት ቤቷ መጣ። እኔም ነበርኩ።

«ሃምሳ አለቃ፣ ስንት ቁስለኛ አዳኑ?»

«አንድም።»

«ትሕትናውን እንኳ ይተዉት።»

«ምን ትሕትና አለው! ቁስለኛ ያከሙት ሌሎች ናቸው፤ እነሱን ጠርታችሁ ሸልሙ። እኔ የማውቀው ውሃና ሽንት ቤት ነው።»

አቶ ልዑልሰገድ ወደ እኔ ዞሮ እርዳኝ በሚል ዓይን አየኝ። «ሽንት ቤት እንዴት መድረክ ላይ ይነገራል? እንግዳ አለ። ምሳም አለ።»

«ምሳ ካለማ ዋናው እሱ ነው!» አለች ፍሬ።

እሱ ግን የፈለገውን ይዞ ሄደ። አብሯት ያገለገለ ምስክር ሲያፈላልግም ባጃጅ ነጂውን ጫላን አገኘ። ጫላ ቡና አብቃይ ገጠር የሆነችው የኢዲዶ ልጅ ነው፤ በረሃ ላይ እሷ በነበረችበት ሻለቃ ወታደር ነበር። ስሙን ስትሰማ ግንባሯን ያዘች። «ከዚያ ሁሉ ሰው መርጠው የረገመኝን አመጡ!»

የምስጋናው ቀን እሑድ ነበር። አዳራሹ ስንገባ መድረኩ ላይ «ጀግናዋ ነርሳችን» የሚል ጨርቅ ተሰቅሏል። ፍሬ አንብባ እዚያው ዞረች። ነጠላዋን ይዤ በግድ አስቀመጥኳት።

አቶ ልዑልሰገድ ማይኩን ጨብጦ፣ በጥይት እሩምታ መካከል ቁስለኛ በጀርባዋ አዝላ ስለወጣች ጀግና ማንበብ ጀመረ። ፍሬ ብድግ አለች።

«እኔ ማንንም አላዘልኩም!»

«ትሕትናቸውን ተመልከቱ!» አለ ልዑልሰገድ። አዳራሹ አጨበጨበ። እሷ እጇን አወራጭታ አይደለም ባለች ቁጥር ጭብጨባው ይብሳል። በመጨረሻ ታክቷት ተቀመጠች። እኔም ታክቶኝ ነበር።

ከዚያ ጫላ ተጠራ። ከሥራ በቀጥታ ስለመጣ ጫማው ጭቃ ነው። እንዲያነብ የሰጡትን ወረቀት አጥፎ ኪሱ ከተተው።

«እኔ እሳቸው ቁስል ሲያስሩ አላየሁም» አለ። «ያየሁት ውሃዬን ሲደፉ ነው።»

አቶ ልዑልሰገድ ማይኩን ሊቀበለው ተጠጋ፤ ጫላ ግን ቀጠለ።

«በረሃ ነው። ቀኑን ሙሉ ምሽግ ስንቆፍር ውለን የውሃ ቦቴ መጣ። ጀሪካን ይዘን ተሰለፍን። እሳቸው ሾፌሩን ‹ከየት ቀዳኸው?› አሉት። ‹ከኩሬው› አለ። ኩሬው አጠገብ ያለው መንደር አተት ገብቶበት ሰው በተቅማጥና በትውከት ያልቃል። የእኛ ክሎሪን አልቋል፤ አዲሱ ገና መንገድ ላይ ነው። ታዲያ እሳቸው ምን አደረጉ? የቦቴውን ቧንቧ ለቀቁት! ዓይናችን እያየ ውሃው አሸዋ ውስጥ ገባ። አንዱ ጓደኛዬ በአፉ ሊቀልብ ሲሮጥ ቀበቶውን ይዘው ወደ ኋላ ጣሉት። አዛዡ እንኳ ‹ምን ነካሽ፣ ቆልፈሽ አታቆይውም ነበር?› ብለው ጮኹ።»

«ሌሊት ቁልፉን ትሰብሩታላችሁ!» አለች ፍሬ ከተቀመጠችበት።

«እንሰብረዋለና!» አለ ጫላም በንዴት። «እስከ ማግስቱ ኮቾሮውን፣ ያንን ድንጋይ የጦር ብስኩት፣ በደረቁ ስናኝክ ቆየን። ምላሴ እንጨት ሆነ። እስከ ዛሬ ያናድደኛል። ግን ከዚያ ሻለቃ በአተት የታመመ አንድም ሰው የለም። ያየሁት ይኼ ነው።»

ማይኩን ለልዑልሰገድ መልሶ ወረደ። ጭብጨባውን ማን ይጀምር? ከኋላ አንድ ሽማግሌ ሳቁ፤ «ኮቾሮ በደረቁ!» አሉና ሳቃቸው መላውን አዳራሽ ያዘው። ወደ ፍሬ ዞር ስል ዓይኗ እርጥብ ነው። ልዑልሰገድ ለሽልማት የተዘጋጀውን ጋቢ ሲያለብሳት አልተቃወመችም።

ስንወጣ ዝናብ ጀምሮ ነበር። ጫላ በባጃጁ ይዞን ሄደ። ገና አስፋልቱን ሳንይዝ ክርክሩ ተጀመረ።

«ግን እውነቱን ለመናገር፣ ሃምሳ አለቃ፣ ያ ውሃ ደህና ውሃ ነበር።»

«በምን አወቅህ?»

«ጥርት ያለ ነበር። ደግሞም ማንም አልታመመም።»

«ስላልጠጣችሁት ነዋ!»

«ካልጠጣነው ታዲያ መጥፎ መሆኑን ማን አየ?»

ፍሬ ወደ እኔ ዞረች። «ሰማህ? ዕድሜዬን ሙሉ የሰማሁት ይኼን ነው። ሲታመሙ ‹የት ነበርሽ?›፤ ሳይታመሙ ሲቀሩ ‹ምን ሠራሽ?›»

ጫላ በሯ ላይ ሲደርስ ሞተሩን አጠፋና ወርዶ ጋቢው ጭቃ እንዳይነካው ጫፉን ያዘላት።

«ኢዲዶ ቡና ለቀማ ላይ ያሉት ሰዎች ከወንዙ ነው የሚጠጡት» አላት። «ሕፃናቱን ተቅማጥ ይዟቸዋል። አፍልታችሁ ጠጡ ብዬ ወንድሜን ብነግረው አይሰማኝም። እርስዎ መጥተው ቢነግሩት።»

«እነሱም ይርገሙኝ ነው የምትለው?»

«እኔ ብቻዬን ልናደድ?»

ማክሰኞ ጠዋት በባጃጁ ይዟት ሄደ። አመሻሽ ላይ ስትመለስ ድምጿ ተዘግቷል፤ ጫማዋ በቀይ ጭቃ ተለውሷል።

«ምን አሉ?» አልኳት።

«ውሃው ደህና ነው አሉኝ።» ደረጃው ላይ ተቀምጣ ጭቃውን በስንጥር ትፍቅ ጀመር። «የጫላ ወንድም ሚስት ግን ውሃ ልታፈላ ድስት ጥዳልኛለች። ለሌሎቹ ሐሙስ እመለሳለሁ።»