ከግንዱ ጀርባ ያለችው አሳማ

የሄድኩ ማታ ዝናቡ ቂርቆስን ይደበድባታል፣ ታክሲው ከበራችን ቆሞ ክላክሱን ያንባርቃል፣ እማዬ ደግሞ "ሳትጎርስ አትወጣም!" ብላ በሩን ይዛለች። ጣቶቿ ሎሚ ሎሚ ይሸታሉ። እጇን በሎሚ ሳታሽ አጉርሳኝ አታውቅም። ካዛንቺስ ፈረንጅ ቤት ልብስ እያጠበች ነው ያሳደገችኝ፤ ማታ ስትገባም ከሰላምታ በፊት የምትፈልገው ሎሚ ነበር። ንጹሕ ሴት ናት፣ በቃ።

"የዱር አውሬ ፎቶ ላነሳ ነው የምሄደው" አልኳት አፌ እንደሞላ።

"አውሬ ደግሞ ምኑ ይነሳል? ሰው አልቆ ነው?" አለችና ሌላ ጉርሻ ጨመረችልኝ።

እናንተ ታውቁኛላችሁ፣ ካዛንቺስ ፎቶ ቤት የነበረኝ የሰርግ ፎቶ አንሺ ነኝ። ሰዉ ሁሉ በስልኩ ማንሳት ሲጀምር ዝንብ እያባረርኩ መዋል ሆነ ሥራዬ። ስለዚህ ቴሌግራም ላይ "ፊንላንድ፣ የዱር እንስሳት ፎቶግራፍ፣ ረዳት ይፈለጋል" የሚል ሳይ ዘልዬ ተመዘገብኩ። ረዳት ማለት ለእኔ ሌንስ የሚይዝ ነው። ማለቴ፣ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል?

አሳማ የሚጎትት! ቱ!

ነገሩ እንዲህ ነው። ድብ የሚባለው አውሬ ጫካ ውስጥ ቁጭ ብለው ስለጠበቁት ብቻ አይመጣም። ስለዚህ ፔካ፣ አሠሪዬም አከራዬም እሱ ነው፣ ከእርባታ የሞተች አሳማ ያመጣል። እኔ በገመድ አስሬ፣ ረግረጉን አቋርጬ፣ ከወደቀ ግንድ ጀርባ አስተኛታለሁ። ቱሪስቶቹ ከእንጨት ጎጆ ውስጥ ሆነው ሌንሳቸውን በቀዳዳ አሾልከው ይጠብቃሉ። ድቡ ይመጣል፣ ሲግጥ ቆይቶ ቀና ይላል፤ ቀጭ ቀጭ ቀጭ! አሳማዋን ግንዱ ሸፍኗታል፤ ፎቶው ላይ የሚታየው ግርማ ሞገስ ብቻ ነው። "ዋይልድ! ዋይልድ!" ይባባላሉ፤ እውነተኛ የዱር ማለታቸው ነው። የቄራን ጅብ እየሰማሁ ላደግኩት ለእኔ! የእኛ ጅብ እንኳ ሳይጠሩት ነው የሚመጣው።

ሽታውን እንዴት ብዬ ልንገራችሁ? በሰኔ እዚህ ፀሐይ ጨርሳ አትጠልቅም፤ ሥጋው ሌትም ቀንም ይበሰብሳል፣ ትሉ ይርመሰመሳል። የመጀመሪያ ቀን አፍንጫዬን በሻርፕ አስሬ ነው አሳማዋን የጎተትኳት። ያውም በጾም! ወተት የማልቀምስ ሰውዬ አሳማ አቅፌ! እጄን በሳሙና አሸሁት፣ በበረኪና አሸሁት፣ እግዚኦ፣ አይለቅም። ወደ አፌ ማስጠጋት ሲያቅተኝ በእጄ መብላት ተውኩ። ስንት ቦታ አፈላልጌ ያገኘሁትን እንጀራ በሹካ በላሁ። እንጀራ በሹካ!

ፔካ የሰጠኝ ክፍል ደግሞ ከሥጋው ማቀዝቀዣ ጋር ግድግዳ ይጋራል።

"ክፍሉ ይሸታል" አልኩት ፔካን።

"ካልሸተተ ድብ አይመጣም።"

"እኔ ድብ አይደለሁም!"

ትንሽ አሰበ። "ለዚህ ነው እኮ ኪራዩን የቀነስኩልህ" አለኝ፤ ሳቅ የለ፣ ምን የለ።

የመኖሪያ ፈቃድ የምትሰጠው ሴትዮም አልማረችኝም። ወረቀቴን አገላብጣ፣ "ፎቶ አንሺ ነኝ ብለሃል፤ ውልህ ላይ ግን ምግብ አቅራቢ ይላል። ለማን ነው የምታቀርበው?" አለችኝ።

"ለድብ።"

"እንግዲያው የምግብ ንጽሕና ሰርተፊኬት አያስፈልግህም" ብላ ማኅተሟን መታች። ከዚህ በላይ ውርደት አለ?

ለእማዬ ግን ፎቶ አንሺ ነኝ እንዳልኩ ቀረሁ። ምን ልበላት? አሳማ ስጎትት እንደምውል ከሰማች ሁለተኛ የምታጎርሰኝ አልመሰለኝም። እሷ እንዳትጸየፈኝ ነበር የምፈራው፤ ሌላው ሌላው ገደል ይግባ።

አንድ ቀን ከቱሪስቶቹ አንዱ ስለቀረ ጎጆው ውስጥ ቦታ ተረፈ። ፔካ "ግባ" አለኝ፣ ካሜራዬን ይዤ ገባሁ። ድቡ መጣ፣ ቀና አለ፣ አነሳሁት። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ዓይኑን ሳየው እንባዬ መጣ። ከስንት ጊዜ በኋላ ፎቶ አንሺ ሆንኩ! እዚያው ቁጭ እንዳልኩ ለእማዬ ላክሁላት። እሷ ደግሞ በማግስቱ ደምበል ፎቶ ቤት ወስዳ መስኮት የሚያህል አሳትማ፣ ፍሬም አስገብታ፣ ሳሎን ሰቀለችው። ለእድርተኛው ሁሉ "ልጄ ነው ያነሳው" እያለች ታሳያለች አሉ።

በኋላ በኮምፒውተር ሳሰፋው ምን ባይ ጥሩ ነው? ታች፣ ግራ ጥግ ላይ፣ ከግንዱ ሾልካ የወጣች የአሳማ እግር። ከሙሽራ ጀርባ የቆሻሻ ገንዳ ቆርጬ ሳወጣ የኖርኩት ሰውዬ! እግሯን ቆርጬ እንደገና ላክሁላት። "የመጀመሪያው ይሻላል" ብላ እምቢ አለች።

ባለፈው እሑድ ስደውል፣ "ማክሰኞ የንስሐ አባታችን ቤት ሊባርኩ ይመጣሉ" አለችኝ። አባ ያቺን እግር ሲያዩ ታየኝ።

"እማዬ፣ ያንን ፎቶ አውርጂው።"

"ለምን ሲባል?"

"በቃ አውርጂው!"

ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ "ለእግሯ ነው?" አለችኝ።

"አይተሻታል?"

"አንተ ልጅ፣ ካዛንቺስ ልብስ ነው የማጥበው ያልኳችሁ አባትህ እንዳይጸየፈኝ ብዬ ነው። ወጥ ቤት ነበርኩ። ፈረንጁ አሳማ ሳይበላ አይውልም። ስንቱን ገንጥዬ፣ ስንቱን ጠብሼ ነው ያሳደግኩህ፤ እግሯን አላውቃት?"

ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዬ አዞርኩ።

"ጥጉ ላይ ያንተን ጉርድ ፎቶ ሰክቼበታለሁ" አለች። "አባ ሲመጡ የሚያዩት አንተን ነው። አሳማዋን እዚያ የምታስቀምጣት አንተ ነህ?"

"እኔ ነኝ።"

"እዛ አገር ሎሚ አለ?"

"አለ።"

"እጅህን ሁለቴ እሸው" አለችኝ፤ "በአንዴ አይለቅም።"